በማሽኑ ውስጥ የሌለ ቀን

ደብረ ማርቆስ
ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.
በፈረንጅ ሜይ 25 ቀን 2025

ለልጄ ለዓለምነው አንሙት
ሐዋሳ

የእናትህን ቃል አጥፍተህብኛል።

ሰላምታው ይደርስሃል፤ መጀመሪያ ይኸን እወቅ። በታኅሣሥ ለአርባዋ መጥተህ ኮምፒውተሬን ስትጠግን፣ እናትህ ታማ ተኝታ የነገረችኝን፣ እኔም ከአፏ እየተቀበልሁ የጻፍሁትን ሁሉ ደምስሰህ ሄደሃል። እኔ ያወቅሁት ከፋሲካ በኋላ ነው። አንተ መቼ እንዳወቅህ፣ ወይም ጨርሶ እንዳላወቅህ፣ አላውቅም።

በስልክ ያልነገርሁህ ስልኩ ቢመጣም ሁለት ቃል ሳይባል ስለሚቆረጥ ነው። እንዲህ ያለ ነገር እየተቆራረጠ አይነገርም። ደግሞም በስልክ ብነግርህ መሀል ላይ ትገባብኛለህ፤ ወረቀት ግን እስኪያልቅ ይሰማል። ጎረቤታችን ገዳሙ መንገዱ በተከፈተ ቀን እስከ አዲስ አበባ ይዞት ይሄዳል፤ ከዚያ በሐዋሳ መኪና ይልክልሃል። የጻፍሁት በእጄ ነው። ማሽኑን ላበራው አልወደድሁም።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደነበረው ነው፤ አልተሻለውም፣ አልባሰውም። ፍርድ ቤቱ ደጃፍ አሁንም ጠዋት ጠዋት እቀመጣለሁ፤ ባለጉዳይ ግን የለም። ሰው መጣላቱን ትቶ አይደለም፤ መንገድ ሲዘጋ ክስም አብሮ ይዘጋል። የላይኛው ሰፈር ሰዎች ሁለት ቀብር ነበረባቸው። አልቃሽ ግን አልነበረም። ሰዉ ዝም ብሎ ቆሞ ተመለሰ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ።

እናትህ የብርጓል ከደምበጫ እስከ ደብረ ኤልያስ ስሟ የተጠራ አልቃሽ እንደነበረች ታውቃለህ። ልቅሶ ቤት የእሷ ድምፅ ካልተሰማ ሟቹ በደንብ የሞተ አይመስልም ነበር። ቀሳውስቱ ሙሾ አይወዱም፤ በአደባባይ ይገሥጿት ነበር። የገዛ ዘመዳቸው ሲሞት ግን በቅሎ ጭነው ይልኩላታል። እሷም ትሄድላቸው ነበር።

እኔ ደግሞ ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰው አቤቱታ በመጻፍ ነው። መጀመሪያ በጽሕፈት መኪና፣ ኋላ አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን በጨረታ ሲያወጣ በገዛሁት ኮምፒውተር። ማንም አላስተማረኝም። ሌላው ሁሉ ወደ ዊንዶውስ ሰባት፣ ወደ አስር ሲያልፍ እኔ በድሮው ዊንዶውስ፣ በኤክስፒ ላይ ቀረሁ። የአማርኛ መጻፊያዬ ከኤክስፒ በቀር በሌላው ላይ አይሠራም፤ ጣቶቼም ከእሱ በቀር ሌላ የፊደል አቀማመጥ አያውቁም። በዚህ ዕድሜ ጣትን እንደገና ማስተማር ጥርስን እንደገና ማብቀል ነው።

አንድ ቀን እናትህ ከልቅሶ ተመልሳ፣ በገበያ መንገድ ሞቶ ስለተገኘ አንድ ፈረሰኛ ያለችውን ደገመችልኝ።

ፈረሱ ተመልሷል ኮርቻው ግን ባዶ ነው፣
ሰውየው የቀረ ከወዴት ማዶ ነው።

ተነሥቼ ጻፍሁት።

«ምን ታደርግበታለህ?» አለችኝ።

«አስቀምጠዋለሁ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ለእንባም ፋይል ይከፈትለታል?»

«ይከፈትለታል» አልኋት። ከፈትሁም። ስሙን «የብርጓል» አልሁት። ከዚያ ወዲያ ከልቅሶ በተመለሰች ቁጥር ትነግረኛለች፣ እጽፋለሁ። የምትቀመጠው መሬት ላይ ነበር፤ ጀርባዋን የማሽኑ ሣጥን ላይ አስደግፋ። «ይኸ ማሽንህ ሌላው ቢቀር ወገቤን ያሞቀኛል» ትል ነበር። ወንበር አምጥቼላት እምቢ አለች።

በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ለፋሲካ ስትመጣ ፋይሉን ወደ ላፕቶፕህ ገለበጥኸው። በአንተ ማሽን ላይ ፊደሉ ሁሉ የፈረንጅ ቆሻሻ ሆኖ ወጣ። ማግሥቱን ከቤት ሳትወጣ ውለህ ፊደሉን አንድ በአንድ ወደሚነበብ ለወጥኸው፤ በላፕቶፕህም አስቀመጥኸው። «ወንጌላዊት ስታድግ የአያቷን ቃል አነብላታለሁ» አልህ። ያን ዕለት መርቄሃለሁ። ምርቃቴን አልመልስም።

አንተ ከሄድህ በኋላ እናትህ ታመመች። ልቅሶ ቤት መሄድ ቀረ። እኔም የፋይሉ ነገር አበቃ ብዬ ነበር። በዚያው ክረምት አንድ ቀን ከአልጋዋ ሆና «ማሽንህን አብራው» አለችኝ። አበራሁት።

«የመሳፍንትን ጻፍ» አለች።

ወንድምህን መሳፍንትን ጨሞጋ ወንዝ የወሰደው ዕለት አንተ ሰባት ዓመትህ ነበር። የእሱን ልብስ ጠቅልለህ ይዘህ ብቻህን ወደ ቤት ገባህ። ለቀብሩ አገር ሁሉ መጣ፤ ሁሉም የእሷን አፍ ይጠብቅ ነበር። አንድ ቃል አልወጣትም። «ለሰው ልጅ ስትሆን ታለቅሳለች፣ ለራሷ ልጅ ደረቀች» ያሉ ነበሩ። አንተ ደግሞ ያን ዝምታ እንዴት እንደተረጎምኸው አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ፊቷን ቀና ብለህ አይተህ አታውቅም። ገና በልጅነትህ ከቤት ለመውጣት የቸኮልኸው ለትምህርት ብቻ እንዳልነበረ እኔም እሷም እናውቅ ነበር። ሦስታችንም አልተናገርነውም። በዚህ ቤት እንዲህ ነው የኖርነው።

እናም በዚያ ክረምት ጀመረች። በአንድ ቀን አልጨረሰችውም። አንድ ቀን ሁለት መስመር፣ ሌላ ቀን ምንም። ከመሳፍንት አልፋ በልቅሶ ቤት ለሰው ይሉኝታ ብላ የዋጠቻቸውን ነገረችኝ። በመጨረሻ፣ ዘንድሮ በመስከረም፣ የራሷን ነገረችኝ። ለራሷ ሞት ያወጣችውን ሙሾ። ጽፌ ስጨርስ እንዲህ አለችኝ፦

«በቀብሬ ቀን እንዳታስብሉት። በቀብር ቀን ሰው የሚያለቅሰው ለራሱ ነው። በዓመቴ ይባል፤ ያን ጊዜ ያለቀሰ ለእኔ አለቀሰ። አመተ ሥላሴ ትበለው፤ ድምፅ አላት።»

አመተ ሥላሴ የእኅቷ ልጅ ናት፣ የደምበጫዋ፤ ታውቃታለህ።

አሁን የምነግርህን ልብ ብለህ አንብብ፤ ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የእኔ ማሽን ቀን የሚቆጥረው በእኛ ነበር። ገና ስገዛው ነው እንደዚያ ያደረግሁት። መስከረምን በመጀመሪያው ወራቸው ቦታ፣ ጥቅምትን በሁለተኛው፣ እንዲህ እያልሁ። ዓመቱንም የእኛን አስገባሁለት። ሰዓቱም እንዲሁ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን አንድ ይላል። በእርግጥ ልኩ አልገጠመለትም። ማሽኑ ጳጉሜን የሚባል አያውቅም፤ በጳጉሜን አላበራውም ነበር። ሁለተኛው ወራቸው ጎደሎ ስለሆነ የጥቅምት መጨረሻ ቀኖችም የሉትም፤ በእነዚያም አላበራውም። ወር በገባ ቁጥር አስተካክለዋለሁ። እናትህ «ለማሽን ክርስትና የሚያነሣ አንተን አየሁ» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ይሣቅ። ባለጉዳይ በመጋቢት የከሰሰውን ማሽኑ በሌላ ወር ቁጥር እንዲጽፍብኝ አልፈቅድም።

እናትህ የሞተችው ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ ነው። በማሽኑ ውስጥ የሌለ ቀን ነው።

በሣልስቷ ባበራው ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ነጭ ጽሑፍ ያወጣል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ሰማያዊ ይሆናል። ላነበው የፈለግሁት የእሷን ነበር። ሸፍኜ ተውሁት፤ ልጄ ሲመጣ ይሠራዋል ብዬ።

ከተዝካሩ በፊት ቀደም ብለህ መጣህ። አየኸውና «አባባ፣ ይኸ ማሽን ዕድሜውን ጨርሷል። ዊንዶውስ አስር ልጫንልዎት፤ ሁሉም ነገር ይቀልልዎታል» አልኸኝ።

«የሚቀል ነገር አልጠየቅሁህም።»

«እሺ፣ ሰባትን ልጫን?»

«ኤክስፒ።»

«ኤክስፒን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ትተውታል እኮ አባባ።»

«እኔ አልተውሁትም።»

ከዚያ የመጫኛ ዲስክ ፍለጋ ወጣህ። ከተማው ውስጥ ያገኘኸው ዲስክ ሆም የሚሉት ሆነ፤ በማሽኔ ሣጥን ላይ የተለጠፈው የፈቃድ ቁጥር ደግሞ የፕሮፌሽናል።

«አንዱ የሌላውን ቁጥር አይቀበልም» አልኸኝ።

«ሁለቱም ኤክስፒ አይደሉም?»

«ናቸው፤ እትማቸው ይለያያል።»

«የወረዳ ፍርድ ቤትን ጉዳይ ለከፍተኛው እንደማቅረብ በለኛ።»

«እንደሱ ነው።»

ይኸ ገባኝ። በዚህ አልተከራከርሁህም። ለተዝካሩ እህል የሚያመጡ ዘመዶች ከደምበጫ አንድ ፎቶ ቤት ፕሮፌሽናሉን ፈልገው፣ በጤፍ ከረጢት ውስጥ አድርገው አመጡልህ። ዲስኩን ጤፉን ጠርገህ ስታወጣው እናትህ ብታይ ምን ትል ነበር ብዬ አስቤ ነበር። አልነገርሁህም።

የደረሰው በተዝካሩ ዕለት ነው። ዳሱ ሞልቷል፤ እኔ ካህናቱን አስተናግዳለሁ። አንተ ከጓዳ በር ላይ ቆመህ ጠራኸኝ። ጽሑፌ ሁሉ ያለበትን ሃርድ ዲስክ ከማሽኑ አውጥተህ ከላፕቶፕህ ጋር አገናኝተኸው ነበር።

«አባባ፣ ከመጫኔ በፊት ጽሑፎችዎን ወደ እኔ እየገለበጥሁ ነው። "የብርጓል" የሚል በአንድ ስም ሁለት ሆነብኝ፤ አንዱ ድሮ እኔ ጋ የነበረው ነው። አዲሱን ይዤ አሮጌውን ልተወው?»

«አዲሱን ነዋ። አሮጌውን ምን ላደርገው?» አልሁህና ወደ ዳሱ ተመለስሁ።

እኔ አዲሱን አልሁህ። አንተ አሮጌውን ይዘህ አዲሱን ተውህ።

እንዴት እንደሆነ ሳስበው ከረምሁ፤ አሁን ግልጽ ነው። የእናትህ የመጨረሻ ቃል በእኔ ማሽን የተቀመጠው በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት መስከረም ነው። አንተ ፊደሉን ለውጠህ ያስቀመጥኸው በእነሱ ቁጥር በሁለት ሺህ ሃያ ሦስት ነው። ላፕቶፕህ ሁለቱን አስተያየና ሃያ ሦስት ከአሥራ ሰባት ይበልጣል አለ። አንተም አመንኸው። ከፍተህ ብታየው የእኔ ፊደል በአንተ ማሽን ላይ አይነበብም፤ እሱን አውቃለሁ። ስለዚህ ቀኑን አየህ። ግን በዚህ ቤት ዓመተ ምሕረቱ ስንት እንደሆነ፣ በዚህ ቤት ያደገ ልጅ ሊጠፋው አይገባም ነበር።

ከዚያ መጫን ጀመርህ። ሃርድ ዲስኩን መልሰህ ከተትኸው፤ ኤክስፒ ደግሞ ሃርድ ዲስክ አላየሁም አለ። ትንሽ ቆይተህ መጣህ።

«አባባ፣ ምክንያቱን አገኘሁት። ውስጥ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፤ ሰዓቱንና ሌላውን መመሪያ የምትይዘው እሷ ናት። በእሷ ምክንያት መመሪያው ተለዋውጦ ነው እንጂ አሮጌው ኤክስፒ የተበላሸ አይመስለኝም። አሁን አስተካክዬዋለሁ፤ ባትሪም ገዝቼ እተካለሁ። ሳንጭነው ራሱ ሊነሣ ይችላል፤ ልሞክረው?»

«ይኸን ሁሉ ቀን አገሩን ዲስክ ስታስፈልግ ከርመህ? ጫነው። የተጀመረ ነገር ይጨረሳል።»

የእኔ ቃል ይኸ ነበር፤ አልክድም። ነገር ግን የሚያውቅ ሰው ለማያውቅ አይታዘዝም። አንተን አስተምሬ የላክሁህ እንድትታዘዘኝ አልነበረም።

ጫንኸው። ሃርድ ዲስኩን ስትጠርገው የእናትህ ቃል አብሮ ተጠረገ። ዳሱ ውስጥ ፍትሐት እየተደረገላት ነበር።

ቀጥሎ ቁጥሩን አስገባ አለህ። ከሣጥኑ ጎን ላይ የተለጠፈው ወረቀት ፊደሉ ጠፍቷል፤ ቢ ይሁን ስምንት፣ ዲ ይሁን ዜሮ አይለይም። «ምን እንዲህ ፈገፈገው?» አልኸኝ። እኔም ሣጥኑን አየሁት። ያ ቦታ እናትህ ጀርባዋን የምታስደግፍበት ነው። ነጠላዋ ነው የፈገፈገው። «አላውቅም» አልሁህ። እየገመትህ እየሞከርህ በስንተኛው ተቀበለህ።

ሲመሽ ጽሑፎቼን ከላፕቶፕህ ወደ ማሽኑ መልሰህ፣ ጠርተህ አሳየኸኝ። በርቷል። ሰማያዊነቱ ጠፍቷል። ጥግ ላይ ያለውን ቀን አየሁት።

«ይኸ የማን ቀን ነው?» አልሁህ።

«የዛሬ ነው አባባ።»

«ዛሬ ታኅሣሥ ስምንት ነው።»

«ለእኛ ነው። ለማሽኑ ዲሴምበር አሥራ ሰባት ነው።»

«ማሽኑ የማን ነው?» አልሁ። «ይኸ ማሽን ከተገዛ ጀምሮ በእኛ ነው የሚቆጥረው። ዓመቱም፣ ወሩም፣ ሰዓቱም። ዘንድሮ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ነው።»

ያን ጊዜ ፊትህ ጠቆረ። እጅህን ከመክተቢያው ላይ አነሣህ። ድካም መሰለኝ፤ ሐዘንም መሰለኝ። «አባባ» ብለህ ጀመርህና ተውኸው። በማግሥቱ ሥራ ጠርቶኛል ብለህ ገና ሳይነጋ ተነሥተህ ሄድህ። ቡናውን እንኳ አልጠጣህም። ሳምንት ትቆያለህ ብዬ ነበር።

ያን ዕለት አውቀህ ከነበረ፣ ከማጥፋትህ ይልቅ ዝምታህ ይከፋል። አላወቅህ እንደሆነ ይኸን መስመር እንዳላነበብኸው ቁጠረው። የትኛው እንደሆነ አልጠይቅህም። መልሱንም በደብዳቤ አትላክልኝ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አመተ ሥላሴ ከደምበጫ መጣች። በፈረስ እስከ ከተማው ጥግ፣ ከዚያ በእግር። «ጋሼ፣ የእትዬን ሙሾ አሁን ይስጡኝ፤ በልቤ ይዤ ለዓመቷ ልዘጋጅ» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ፋይሉን አልከፈትሁትም ነበር። ሐዘን ነው በለው። ከፈትሁት። ፊደሉ የእኔ አልነበረም፤ አንተ የለወጥኸው ፊደል ነበር። ወደ መጨረሻው ወረድሁ። የመጨረሻው በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ጾም የሞተችው የአንዲት መነኩሴ ነው። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። መሳፍንት የለም። የብርጓል የለችም።

አመተ ሥላሴ «ሌላ ቦታ አስቀምጠውት ይሆናል፤ ይፈልጉት እንጂ» አለች። ያለውን ሁሉ ፈለግሁ። በማግሥቱ ማሽኑን በባጃጅ ጭኜ መሀል ከተማ ወደ አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ወሰድሁት። ሰውየው ሲያየው ውሎ «በላዩ ላይ ሌላ ተጽፎበታል ጋሼ፤ የሚመለስ ነገር የለም» አለኝ። አመስግኜው ጭኜ ተመለስሁ።

«አንተ የጻፍኸውን እንዴት በልብህ አልያዝኸውም?» ትለኝ ይሆናል። አመተ ሥላሴም ይኸንኑ ጠይቃኛለች። ልንገርህ። የሰው አቤቱታ የሚጽፍ ሰው ከሁሉ በፊት የሚማረው ያለመያዝን ነው። ሚስቱ የሞተችበት፣ መሬቱ የተወሰደበት፣ ልጁ የታሰረበት ሰው ጎንህ ተቀምጦ እያለቀሰ ይነግርሃል። ያንን በልብህ ከያዝኸው ማታ እህል አይወርድልህም። ስለዚህ በጆሮ ይገባል፣ በጣት ይወጣል፤ መሀል ላይ አይቆምም። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ሠራሁ። እናትህ ስትነግረኝም ጣቶቼ እንዲሁ ሠሩ። ደግሞ ብይዘው ኖሮ የመሳፍንትን ጽፌ አልጨርሰውም ነበር።

ከራሷ ሙሾ አንድ መስመር ብቻ አለኝ። የመጀመሪያው ነው።

ለሰው ሳበድር ነው እንባዬን የኖርሁት፣

ሁለተኛው መስመር የለኝም። ጠዋት ስነሣ የመጣልኝ ይመስለኛል፤ አይመጣም።

አመተ ሥላሴ ቁጭ ብላ ካለቀሰች በኋላ «ሁለተኛውን እኔ ልሙላው ጋሼ?» አለችኝ።

«አይሆንም» አልኋት።

«ሰው ምን ይላል ታዲያ፣ በግማሽ ሙሾ?»

«የፈለገውን ይበል። እሷ ያላለችውን እሷ አለች ብዬ አላስብልም።»

«እንግዲያው የመጀመሪያውን እልና፣ የሁለተኛው ቦታ ሲደርስ ዝም እላለሁ» አለች። በዚህ ተስማማን። በጥቅምት እንዲህ ይሆናል። የአገሩ አልቃሽ በዓመቷ አንድ መስመር ይባልላታል፣ ከዚያ ዝምታ።

አሁን ስለ አንተ። በመሳፍንት ሙሾ ውስጥ አንተም ነበርህበት። ልብሱን ይዘህ የገባህበትን አንሥታ፣ ለመሳፍንት ስለ አንተ የነገረችው ነገር ነበር። ልትሰማው የሚገባህ ቃል እሱ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ነው የወጣው። እኔ በራሴ ቃል አልነግርህም። ከእኔ አፍ ከወጣ የእኔ ይሆናል፤ አንተ ደግሞ የእኔን አልፈለግህም። ይኸን ብቻ እወቅ፦ ክፉ አልነበረም። ከክፉ በጣም የራቀ ነበር። ጽፌ ስጨርስ «ዓለምነው ያነበዋል» አለች። ያነበዋል አልኋት።

ለዓመቷ ትመጣለህ። መንገዱ ከተከፈተ በመኪና ትመጣለህ፤ ካልተከፈተም መምጫውን ታገኛለህ። ምራቴን ሶልያናንና ልጂቱንም ይዘህ ና። ወንጌላዊት የአያቷን ቤት ትይ። ዝም በሚባልበት ሰዓት ከጎኔ ትቆማለህ። ሌላ የማዝህ የለኝም። ማሽኑንም አትነካውም፤ ምንም አልሆነም፤ የገዛህልኝ ባትሪ ደህና ነው።

ሶልያናን ሰላም በልልኝ፤ የላከችው ሹራብ ልኬ ነው። ወንጌላዊትን ግንባሯን ሳምልኝ። ፊደል ቆጥራ ጨረሰች ወይ? ካልጨረሰች አንተ ራስህ አስቆጥራት፤ ለሌላ ሰው አትስጣት። የእናትህ አምላክ ከመንገድ ክፉ ይጠብቃችሁ። እጅህ የነካው ይባረክ። ይኸን የምጽፈው አስቤበት ነው።

ከላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፌልሃለሁ። የማሽኑንም ቀን አንተ እንዳደረግኸው ትቼዋለሁ፤ ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ በእሱ ቁጥር ቦታ አለው፤ አይቼዋለሁ። ለምን እንደተውሁት አትጠይቀኝ። ስትመጣም በደጃፉ ገብተህ ደህና ዋሉ በለኝ እንጂ ስለዚህ ነገር አፍህን አትክፈት። የምለውን ብያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ለአንተም፣ ለማንም፣ በሞቴም አልጋ ላይ ቢሆን አላነሣውም።

አባትህ
አንሙት